የመረብ ኳስ ሜዳን የጎልቦል ሜዳ ማድረግ፦ ከሲባጎው እስከ ጎሉ

የመረብ ኳስ ሜዳ ያለው ትምህርት ቤት ወይም የወጣት ማዕከል የጎልቦል ሜዳን ሥራ ግማሹን ጨርሷል። የሁለቱም ልክ አንድ ነው፤ 18 ሜትር በ9 ሜትር። ቀሪው ግማሽ ግን በሜትርና በጠመኔ ብቻ አይገፋም። ጎልቦል የዓይነ ስውራን ጨዋታ ስለሆነ እዚህ ሜዳ ላይ የሚጫወት ሰው መስመሩን የሚያውቀው በእጁና በእግሩ፣ ኳሷን የሚያገኛት በጆሮው ነው። ዓይን ላለው ሰው የተስተካከለ የሚመስል ሜዳ ለተጫዋቹ ጭራሽ የሌለ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጨዋታው በአጭሩ። ጎልቦል ከሌላ ስፖርት ተቀድቶ ለዓይነ ስውራን የተመቻቸ አይደለም፤ ከመነሻው ለእነሱ ተብሎ የወጣ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያዊው ሃንስ ሎሬንዘንና ጀርመናዊው ሴፕ ራይንድል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ማገገሚያ እንዲሆን አወጡት። በ1976 ቶሮንቶ ላይ የፓራሊምፒክ ውድድር ሆነ፤ ሴቶች በ1984 ገቡ። በየቡድኑ ሦስት ሰው ሜዳ ላይ ይሰለፋል። ጥቂት የሚያይም ጭራሽ የማያይም እኩል እንዲሆኑ ሁሉም ዓይናቸውን በጥቁር መሸፈኛ ይጋርዳሉ። ኳሷ 1.25 ኪሎ ትመዝናለች፤ ዙሪያዋ 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጧ ቃጭል አለ፤ ድምፁ እንዲወጣ ላይዋ ላይ ስምንት ቀዳዳ አላት። አጥቂው ወለል ለወለል ይለቃታል፣ ሦስቱ ተከላካዮች በጎናቸው ተዘርረው በቁመታቸው ሙሉ ያግዷታል። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 12 ደቂቃ ነው።

ሜዳው በወርዱ ስድስት ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 3 ሜትር በ9 ሜትር። ከጎሉ ፊት ያለው የመጀመሪያው 3 ሜትር የቡድን ክልል ነው፤ ተከላካዮቹ የሚቆሙትም የሚወድቁትም እዚያ ነው። ቀጣዩ 3 ሜትር የማረፊያ ክልል ይባላል። መሃል ያለው 6 ሜትር፣ በመሃል መስመር ለሁለት የተከፈለው፣ ገለልተኛ ክልል ነው። የተወረወረች ኳስ መጀመሪያ ወለል መንካት ያለባት በራስ ቡድን ክልል ወይም በራስ ማረፊያ ክልል ውስጥ ነው፤ ከዚያ አልፋ ካረፈች ቅጣት ነው። ገለልተኛውንም ክልል ሳትነካ ብትሻገር እንዲሁ ቅጣት ነው። ቅጣት ማለት ደግሞ 9 ሜትር ስፋት ያለውን ጎል አንድ ተከላካይ ብቻውን ይጠብቃል ማለት ነው። ስለዚህ የማረፊያው መስመር አሥር ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ የሚዛነፈው ፍርዱ ነው።

መረብ ኳስ ላይ የማጥቂያ መስመሩ ከመሃል መስመር 3 ሜትር ይርቃል። ያ መስመር በቀጥታ የማረፊያ ክልሉ ድንበር ሆኖ ያገለግላል። ዙሪያው፣ የመሃል መስመሩና ሁለቱ የማጥቂያ መስመሮች ተቀብተው ካሉ የሚጎድሉት የሁለቱ ቡድን ክልሎች የፊት መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ከየጎሉ መስመር 3 ሜትር ወደ ውስጥ። ወለሉ ላይ የተቀቡ የቅርጫት ኳስና የእጅ ኳስ መስመሮች ምንም ችግር የላቸውም። ተጫዋቹ አያያቸውም። በፕላስተር የተለጠፉ የሌላ ጨዋታ መስመሮች ግን መነሳት አለባቸው፤ እጅ ሲዳስሳቸው የራስ መስመር ይመስላሉ።

ወለሉ

ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ውስጥ በጎኑ ስንቴ እንደሚወድቅ ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ሊሾ ወለል ይበቃል ይላል። ሊሾ ለኳሷ አይከፋም፤ ለዳሌና ለክርን ግን ይከፋል፤ በዚያ ላይ ሲሚንቶው በተፋቀ ቁጥር አቧራ ያወጣል፣ ፕላስተርም አቧራ ላይ አይያዝም። ፓርኬ ወይም ለስፖርት የተሠራ ወለል ከተገኘ እሱን ምረጡ። ሊሾ ብቻ ካለ የዳሌ፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ የሌለው ተጫዋች ሜዳ አይግባ። ለመለጠፍ ሲባልም ከዋዜማው ወለሉ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ቴራዞና ሴራሚክ ላይ ደግሞ መገጣጠሚያዎቹን በጥፍር ዳስሷቸው፤ ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ቆዳም ይይዛል፣ ኳስም ያነጥራል።

ሰም የተቀባ ወለል ሌላ ጣጣ አለው። ያብለጨልጫል፣ ያምራል፤ ፕላስተሩ ግን ወለሉን ሳይሆን ሰሙን ነው የሚይዘው፤ ሁለተኛው የተዘረረ ተጫዋች ጠቅልሎት ይነሳል። መስመሩ የሚያልፍበትን ቦታ በሳሙና ውሃ አጥቦ ማድረቅ ይበቃል።

ተዳፋቱን ለማወቅ ከተነፋ የመረብ ኳስ የተሻለ መሣሪያ አያስፈልግም። ሜዳውን በሐሳብ 3 ሜትር በ3 ሜትር ብትከፍሉት 18 ካሬ ይወጣል። በየካሬው መሃል ኳሱን አስቀምጣችሁ እጃችሁን አንሱ። ራሱ የሚሄድ ከሆነ ወዴት እንደሚሄድ ጻፉ። አንድ ሁለት ቦታ መሆኑ አይጎዳም፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ ግን ያ አዳራሽ አንዱን ቡድን ይጠቅማል።

የመረብ ኳሱ ቋሚዎች ይነቀላሉ። የቋሚዎቹ ጉድጓዶች ከጎን መስመሩ ብዙ ስለማይርቁ ክዳናቸው ከወለሉ እኩል መሆኑን ተመልከቱ። ክዳን ከጠፋ ጉድጓዱን በጨርቅ ጠቅጥቆ ከላይ በፕላስተር መዝጋት ለኳስ ይሆናል፤ ለተጫዋች ቁርጭምጭሚት አይሆንም። በልኩ የተቆረጠ ጣውላ አስገቡበት።

ልኬቱ

አዲስ ሜዳ የምትለኩ ከሆነ ከ18ቱና ከ9ኙ ሌላ መያዝ ያለባችሁ ቁጥር 20 ሜትር ከ12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከጥግ እስከ ተቃራኒ ጥግ ያለው ርቀት። ሁለቱም ሰያፎች እኩል ካልመጡ ሜዳው ተጣሟል። ጎኖቹ ትክክል ሆነው ሰያፎቹ በ10 ሴንቲ ሜትር ቢለያዩ ዓይን አያውቀውም፤ ጎሉ ሲቆም ግን ቋሚው መስመሩ ላይ አይውልም፣ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር እንደገና ይፈርሳል።

የወርድ መስመሮቹን ሦስት ሦስት ሜትር እየቆጠራችሁ አትለኩ። በየልኬቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሳት መጨረሻው ላይ ስድስት ይሆናል። ሜትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ ወጥራችሁ ሳታነሱት 0፣ 3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 15፣ 18 ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ በሌላው ጎን ድገሙት። ለዚህ ቢያንስ 20 ሜትር የሚደርስ ሜትር ይፈለጋል፤ የአናጢው ባለ 5 ሜትር አይሆንም።

መስመሩ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ሜዳው የሚለካው እስከ መስመሩ ውጫዊ ጠርዝ ነው። ሲባጎው የሚያልፈው በመስመሩ ወገብ ስለሆነ ከውጫዊው ጠርዝ 2.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በሁለቱ የጎን ሲባጎዎች መካከል ያለው ርቀት 8.95 ሜትር ነው። ብዙ ሰው ሲባጎውን 9 ሜትር ላይ ዘርግቶ ፕላስተሩን በላዩ ይለጥፋል፤ ሜዳው 5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋና ጎሉ ይጠባል።

ሲባጎና ፕላስተር

የጎልቦል ሜዳ ልዩነቱ እዚህ ነው። ከፕላስተሩ ሥር 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲባጎ ይዘረጋል። ተጫዋቹ በጫማው ወይም በመዳፉ ያንን እብጠት ዳስሶ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ያውቃል። ከዚያ የቀጠነ ገመድ በጫማ አይታወቅም። ከዚያ የወፈረ ኳሷን ያነጥራል፣ በላዩ የሚንሸራተት ሰው ክንድም ይልጣል። ሱቅ ስትገቡ በዓይን አትገምቱ፤ ሲባጎውን አሥር ዙር እርሳስ ላይ አጠጋግታችሁ ጠምጥሙት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ከሸፈነ ልክ ነው። የጥጥ ሲባጎ ይመረጣል። የናይለኑ ስለሚሾልክ ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ከፕላስተሩ ሥር ወደ ጠርዙ ሄዶ ታገኙታላችሁ።

በቡድን ክልሉ ውስጥ ከዙሪያው ሌላ ትናንሽ ምልክቶች አሉ። ከጎል መስመሩ 1.5 ሜትር ላይ፣ ከግራም ከቀኝም የጎን መስመር ተነስቶ 1.5 ሜትር ወደ ውስጥ የሚገባ መስመር የክንፍ ተጫዋቾቹ መቆሚያ ነው። በፊት መስመሩ ወገብ፣ 4.5 ሜትር ላይ፣ የመሃሉ ተጫዋች መሃሉን የሚያውቅበት አጭር ምልክት ይደረጋል። ሲባጎው የሚነካ ሰው እነዚህን ሦስት ምልክቶች ይዞ የሰልፉን ቅርጽ በቅጽበት ያገኛል። እነሱን መርሳት ዙሪያውን ከመርሳት አይተናነስም።

መጠኑን እንቁጠር። ሰባት የወርድ መስመር በ9 ሜትር 63፣ ሁለት የጎን መስመር በ18 ሜትር 36፣ አራት የክንፍ ምልክት በ1.5 ሜትር 6፤ ድምሩ 105 ሜትር ነው። ባለ 33 ሜትሩ ፕላስተር አራት ጥቅል ይወስዳል፣ አምስተኛው ለጥገና ይቀመጥ። በተቀባ የመረብ ኳስ ሜዳ ላይ ለልምምድ ብቻ ከሆነ ግን ተጫዋቾቹ የሚዳስሱትን የሁለቱን ቡድን ክልል መለጠፍ ይበቃል፤ በየወገኑ 27 ሜትር፣ በጠቅላላው 54። ሁለት ጥቅል ነው። ቀሪውን ዳኛው በቀለሙ ያየዋል። በጀት ሲያጥር መቆጠብ ያለበት በዚህ በኩል ነው እንጂ በሲባጎው ውፍረት አይደለም።

አለጣጠፉ ላይ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ሁሉም ሲባጎ ይዘረጋል፤ ጫፎቹና በየሁለት ሜትሩ አንድ ቦታ በጥፍር በምታህል ፕላስተር ይያዛል። ሁለት ሲባጎ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዱ ሙሉ ያልፋል፣ ሌላው ሊደርስበት አንድ ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ይቆረጣል። ሲባጎ በሲባጎ ላይ ከወጣ 6 ሚሊ ሜትር ጉብታ ይሆናል፤ ጥግ ላይ የሚወድቅ ክንድ ሁሌም እሱን ያገኘዋል። ቀጥሎ የወርድ መስመሮቹ ፕላስተር ይለጠፋል፣ በመጨረሻ የጎኖቹ። የጎኑ ፕላስተር ከላይ ሲያልፍ የወርዶቹን ጫፍ ተጭኖ ይይዛል። ተጫዋች በየክልሉ የሚንሸራተተው ወደ ጎን ስለሆነ ጫፉ ክፍት የቀረ የወርድ መስመር በመጀመሪያው ቀን ይላጣል።

ፕላስተሩን እየሳባችሁ አትለጥፉ። የተለጠጠ ፕላስተር በራሱ ይሰበሰባል፣ ጥግ ጥጉን ይነሳል። አንድ ሰው ጥቅሉን ይዞ ሳይስብ እየፈታ ይሂድ፤ ሁለተኛው ከኋላ ተንበርክኮ በጨርቅ መጀመሪያ የሲባጎውን ጀርባ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ጎኑን እየጫነ ይከተል። ጎንና ጎኑ ላይ አየር ከቀረ ሲባጎው ይንቀሳቀሳል። ሲያልቅ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በባዶ መዳፍ አንድ ዙር ዳብሱት። ከዚህ የተሻለ ፍተሻ የለም።

ጎሉ

ጎሉ የሜዳውን ወርድ ሙሉ ይይዛል፤ በቋሚዎቹ መካከል 9 ሜትር፣ ከወለል እስከ አግዳሚው 1.30 ሜትር። ቋሚዎቹ ከጎን መስመሩ ውጭ፣ ከጎል መስመሩ ጋር ትክክል ይቆማሉ። ውፍረታቸው ከ15 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ክብ ይሆናሉ፣ በስፖንጅ ይጠቀለላሉ።

ችግሩ አግዳሚው ነው። ብረት በያጁ ዘጠኝ ሜትር ቧንቧ ሲባል ቀላል ይመስለዋል። 60 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቧንቧ በሁለት ጫፉ ብቻ ቢያርፍ በራሱ ክብደት መሃሉ ላይ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይረግባል። የሚፈቀደው የቁመት ልዩነት 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ 100 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ብትሄዱ እንኳ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይረግባል፤ ክብደቱ ደግሞ 65 ኪሎ ገደማ ይደርስና ለማንሳት ይከብዳል። ቀጭኑን ቧንቧ ይዞ መሃሉን ከኋላ በሰያፍ ድጋፍ መያዝ ይሻላል። ድጋፉ ከጎሉ ኋላ ካለው የእግር ብረት ተነስቶ አግዳሚውን ከጀርባው ይቀበለዋል፤ መርገቡ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አያልፍም። በጎሉ አፍ ላይ መሃል ቋሚ ማቆም ግን ክልክል ነው፣ አደገኛም ነው። ድጋፉም በስፖንጅ ይሸፈን፤ ኳስ መትቶት ተመልሶ ሜዳ ከገባ ጎል ነበር አልነበረም የሚል ክርክር ይነሳል።

አግዳሚው በሦስት በሦስት ሜትር ተቆርጦ በውስጥ ቱቦ እንዲገጣጠም አድርጉት፤ ያለዚያ በአዳራሹ በር አይገባም። የእግር ብረቶቹ ሁሉ ወደ ኋላ ይሂዱ፣ አንድም ወደ ቡድን ክልሉ አይውጣ። ወለል ላይ መቸንከር ስለማይቻል በኋለኛው ብረት ላይ የአሸዋ ከረጢት ይጫናል። ተጫዋቾች አቅጣጫ ለመያዝ ጎሉን ይደገፋሉ፣ ይዘውትም ይነሳሉ፤ ስለዚህ አግዳሚውን በሁለት እጅ ስባችሁ ሞክሩት። ከተነቃነቀ ከረጢት ጨምሩ።

መረቡ ላላ ብሎ ይሰቀል። የተወጠረ መረብ 1.25 ኪሎ ኳስ ሲመታው መልሶ ይተፋዋል። የታችኛው ጫፉ ወለል ላይ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ከተኛ ኳሷ ከሥር አትሾልክም።

ለልምምድ ጎል እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። ሁለት የተሸፈነ ቋሚ፣ 1.30 ላይ የተወጠረ ገመድ፣ ከጀርባ የተደረደረ ፍራሽ ይበቃል። የጎል መስመሩን ተጫዋቹ በጀርባው በኩል እንዲያገኘው የሚዳሰስ ነገር መኖሩ ነው ዋናው።

ጸጥታው

መስመሩም ጎሉም ሚሊ ሜትር ሳይሳት ተሠርቶ አዳራሹ ሊጥለው ይችላል። ቃጭሉ የሚሰማው ኳሷ ስትሽከረከር ነው፤ ብልህ ወርዋሪ ደግሞ ሳትንከባለል እንድትንሸራተት አድርጎ ድምፁን ይቀንሰዋል። ያንን የደከመ ድምፅ ተከላካዩ ከሜዳው ማዶ መስማት አለበት። ዳኛ ጸጥታ የሚጠይቀው ለሥርዓት አይደለም።

የእኛ አዳራሾች ትልቁ ጠላት ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዝናብ ሲጀምር ጨዋታው ያበቃል፤ ማስተካከያ የለውም። በክረምት ከሰዓት በኋላ ውድድር አትያዙ፣ ጠዋት ይሁን። ጄኔሬተር፣ ማራገቢያ፣ የሚያንጫጫ የመብራት ባላስት፣ የበር ማጠፊያ ሁሉ ይፈተሻል። ማጠፊያው ዘይት ይቀባ። በሩ ላይ ጨዋታ ቆሞ ካልሆነ ሰው የማያስገባ አንድ ሰው ይቁም።

ከጩኸት የባሰው ማስተጋባት ነው። ባዶ አዳራሽ መሃል ቆማችሁ አንዴ በኃይል አጨብጭቡ። ጭብጨባው አልቆ ድምፁ ከቀጠለ ቃጭሉም እንዲሁ ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል፤ ከግራ የመጣች ኳስ ከቀኝ የመጣች ትመስላለች። ከጎሎቹ ጀርባና በጎን ግድግዳዎች ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ ይሰቀል። ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ራቅ ብሎ የተንጠለጠለ ጨርቅ ከተለጠፈው የበለጠ ድምፅ ይውጣል።

ከዚያ በሰው ይሞከር። አንድ ተጫዋች ዓይኑን ሸፍኖ በጎሉ ወገብ ላይ ይቀመጥ። ሌላው ከማዶ በዝግታ አሥር ኳስ ከግራ፣ አሥር ከመሃል፣ አሥር ከቀኝ፣ ቅደም ተከተሉን እያዛነቀ ይልቀቅ። የተቀመጠው ኳሷ የመሃል መስመሩን ስታልፍ ወደ እሷ በጣቱ ያመልክት፤ ሦስተኛ ሰው ስህተቱን በየጎኑ ይመዝግብ። ስህተቱ በሁሉም ጎን ከተበተነ ልምምድ ይፈታዋል። በአንድ ጎን ከተከማቸ ግን ከዚያ በተቃራኒው ያለውን ግድግዳ እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ መስኮት ወይም ባዶ የብረት በር ነው። ጨርቅ ሰቅላችሁ እንደገና ሠላሳውን ድገሙ።

ዙሪያውና ጥገናው

በሁለቱም ጎን ዳኞች፣ በአራቱም የጎል ቋሚዎች አጠገብ የጎል ዳኞች ይኖራሉ። በጎንም ከጎል ጀርባም ቢያንስ ሁለት ሜትር ባዶ ይተው፤ ሦስት ከተገኘ ደግ ነው። አግዳሚ ወንበር፣ የውሃ ጠርሙስና ቦርሳ በዚህ ቦታ አይቀመጥም። መነጽሩን አውልቆ የሸፈነ ሰው የጠርሙስን ቦታ አያስታውስም።

ላብ መስመሩን ያላላል፣ ወለሉንም ያንሸራትታል። በእያንዳንዱ ማቆሚያ ሁለት ሰው በደረቅ ፎጣ የቡድን ክልሎቹን ይጥረግ፤ እርጥብ መወልወያ ጨዋታ መሃል አይግባ። በእረፍት ጊዜ የክንፍ ምልክቶቹን ጫፍ ተመልከቱ፣ መጀመሪያ የሚላጡት እነሱ ናቸው። የተነሳውን መልሶ መጫን አያዋጣም፤ አቧራ ስለያዘ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ቆርጣችሁ አውጡና በአዲስ ተኩት፣ ለዚህ ነው አምስተኛው ጥቅል።

ኳሷ ቀዳዳ ስላላት አትነፋም፤ ቅርጿን የሚጠብቀው ወፍራም ጎማዋ ነው። ዕቃ የተጫነባት ኳስ ትጣመማለች፣ የተጣመመች ደግሞ በቀጥታ አትሄድም። ውሃ ከገባባት ቃጭሉ ይዝጋል። ብቻዋን በመደርደሪያ ትቀመጥ።

አዳራሹ የጋራ ከሆነ ፕላስተሩ ሲነሳ ወደ ላይ አይነቀል፤ ወደ ኋላ ታጥፎ ከወለሉ ጋር ሊጋደም እስኪደርስ ዝቅ ብሎ ቀስ ተብሎ ይሳብ። ቫርኒሽ በተቀባ ፓርኬ ላይ ከመጀመሪያው አንድ መዳፍ የምታህል ቁራጭ በማይታይ ጥግ ለጥፋችሁ በማግስቱ አንሷት፤ ቀለም ይዛ ከመጣች ሌላ ዓይነት ፕላስተር ፈልጉ። የቀረ ሙጫ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይለቃል፤ ጋዙ ግን ወለሉን ስለሚያንሸራትት ወዲያው በሳሙና ውሃ ይታጠብ።